ለሚሚዬ፣ ስለላክሽው መነጽር

ሚሚዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስትሮክ ከመታኝ ወዲህ ቀኝ እጄ አልታዘዝ ስላለኝ፣ ይህን የምጽፍልሽ ስልኬ ላይ በግራ አውራ ጣቴ ነው። አጠር አጠር ካለብሽ ለዚያ ነው።

የቪአር መነጽሩ፣ ያ የሌለውን ዓለም ዓይን ላይ የሚያመጣው፣ ደርሶኛል፣ ተባረኪ። እናትሽ መጀመሪያ ሳጠልቀው ደንግጣ አማተበች። አሁን ደግሞ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷታል። አየር ላይ የምቀጥፈው ፍሬ ለእሷ አይታያትማ።

በስልክ «እየረዳህ ነው?» ስትዪኝ «አዎ» ብዬ አለፍኩት። ነገሩ ግን ከዚያ ይረዝማል።

ጨዋታው ፍሬ ቀጥፎ ቅርጫት ውስጥ መጣል ነው። ቀላል ይመስላል። ትከሻዬ ግን አጭበርባሪ ነው። ክንዴ መዘርጋት ሲያቅተው ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ይወጣል፣ ወገቤ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ፍሬው ይቀጠፋል፣ ነጥቡም ይቆጠራል። ጌሙ አይነቃም። የነቃችው እጄን የምታሠራኝ ቴራፒስቷ ናት። ደረቴን ከወንበሩ መደገፊያ ጋር በቀበቶ አስራ «እስቲ አሁን ቅጠፍ» አለችኝ። ነጥቤ እንዴት እንደወረደ ብታዪ!

ቢሆንም ውለታውን አልክድም። በፈረንጆቹ 2009 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አነበብኩ። ተመራማሪዎቹ ስትሮክ የመታው ሰው ቴራፒ ላይ ሳለ ክንዱን ለቁም ነገር ስንት ጊዜ እንደሚያንቀሳቅስ ቆጠሩ። በአንድ ቀጠሮ በአማካይ 32 ጊዜ ብቻ! አእምሮ እንደገና እንዲለምድ በእንስሳት ላይ በተሠሩት ሙከራዎች ድግግሞሹ በመቶዎች ነው የሚቆጠረው። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ ኩባያ አንሳ፣ መልስ ሲሉኝ ቶሎ ይሰለቸኛል። ጌም ሲሆን እልህ ይይዘኛል። ክንዴ ዝሎ እስኪወድቅ አልተውም።

ግን መነጽሩ ብቻውን ተአምር እንዲሠራ አትጠብቂ። ከካናዳ የተመራ፣ አርጀንቲናን፣ ፔሩንና ታይላንድን ያካተተ ጥናት በ2016 ወጥቶ ነበር። 141 ሰዎች ናቸው። ግማሾቹን ኒንቴንዶ ዊ የሚባለውን፣ እጅ እያንቀሳቀሱ ቴሌቪዥን ላይ የሚጫወቱትን ጌም አጫወቷቸው፣ ግማሾቹን ካርታ፣ ቢንጎ፣ ጄንጋ (የእንጨት ቁልል ጨዋታ) እና ኳስ። ሁለቱም ወገን ተሻለው፣ ልዩነት ግን አልተገኘም። ካርታ! ይህን ሳነብ ጮክ ብዬ ነው የሳቅኩት። በ2025 የወጣው የኮክሬን ግምገማ (ኮክሬን የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት ነው) ደግሞ 190 ጥናቶችን አይቷል። ቪአር ከሌላ ሕክምና ጋር ሲወዳደር ለክንድ ያለው ብልጫ ትንሽ ነው ይላል። በመደበኛው ሕክምና ላይ ሲደረብም ሳይጠቅም አይቀርም። ሲደረብ ነው እንግዲህ፣ ሲተካ አላልኩም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። እዚሁ ሜሪላንድ፣ እንጀራ የምንገዛበት ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ኤድዋርድ ታውብ የሚባል ሳይንቲስት ጦጣዎች ነበሩት። የአንድ እጃቸው የስሜት ነርቭ የተቆረጠ። ቤተ ሙከራውን ፖሊስ የፈተሸው በፈረንጆቹ 1981 ነው፤ በእንስሳቱ አያያዝ አገር ተንጫጭቷል። የእንስሳቱ ነገር ያሳዝነኛል። ከዚያ ሥራ የተገኘው ትምህርት ግን ለእኔ ቢጤው ደረሰ። የተጎዳ እጅ ሳይሠራ ሲቆይ አለመሥራትን ይለምዳል፤ ደህናው እጅ ሲታሰር ግን መንቀሳቀስ ይጀምራል።

የእኔም ግራ እጅ ሁሉን ነጥቆ መሥራት ይወዳል። ስለዚህ ገበታ ስንቀርብ እናትሽ ፎጣ ትጠቀልልበታለች። እንጀራውን በቀኜ እቆርሳለሁ። አውራ ጣቴና ጠቋሚ ጣቴ አሁን ይገናኛሉ። ችግሩ መላቀቁ ላይ ነው። ጉርሻው አፌ ደርሶ ጣቶቼ አልለቅም ይላሉ፣ ሽሮው ሸሚዜ ላይ ጠብ ይላል። መነጽሩ ውስጥ ይህ ሁሉ የለም። እዚያ ያለው ፍሬ አይከብድም፣ አያዳልጥም፣ አያቃጥልም። ስኒ ይከብዳል፤ ቡናው ሲሞላ ደግሞ ይብሳል።

ልትገዢልኝ ያሰብሽውን ባለ ሴንሰር ጓንት ለጊዜው ተዪው፣ ብርሽን ያዢው። የሚቸግረኝ ሌላ ነው። ኢንሹራንሱ የፈቀደልኝ የቴራፒ ቀጠሮ እያለቀ ነው፤ «መሻሻሉ አዝግሟል» ብለው ማራዘም አልፈለጉም። ቴራፒስቷ የክንዴን ልኬት በጽሑፍ እሰጣችኋለሁ ብላለች። አቤቱታውን በእንግሊዝኛ አሳምረሽ ጻፊልኝ። እንጀራውንም አስገቢው፤ በእጁ የሚበላ ሰው ቀኝ እጁ ምን እንደሆነ ላይገባቸው ይችላል።

ለፋሲካ ስትመጪ አዲስ ካርታ ይዘሽ ነይ፣ የፕላስቲኩን። የእኛው ረግቦ ለመያዝ አስቸግሮኛል፤ ጓደኞቼም ቅዳሜ ቅዳሜ ኮንከር ለመጫወት እየመጡ ነው። የደም ግፊት መድኃኒቴን እየወሰድኩ ነው፣ አታስቢ።

አባትሽ