ሰኒዬ፣ ያ ቀይ ዓይን ትዝ ይልሻል?

ይድረስ ለምወድሽ ለሰኒ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እትዬ አስካለስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ» ብዬ ልቀጥል ነበር። ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው። ግን በስልክ ስትጠይቂኝ ሁሌ ያልኩሽ ይህንኑ ነው። ከዚያ ደግሞ ጭራሽ ጠፋሁ። ስለዚህ ዛሬ እሱን ትንሽ ላቆየው።

ብዕር ያስነሳኝ ሃል ነው። አዎ፣ ያው ሃል፤ «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ፊልም ላይ መንኮራኩሩን የሚመራው ኮምፒውተር።

ዶርም ውስጥ ያየንበት ሌሊት መቼም አይረሳሽም። መብራት ጠፍቷል። ባትሪው እስከ መጨረሻው እንዲቆይልን የላፕቶፕሽን ስክሪን አደብዝዘነዋል። አንድ ኢርፎን ለሁለት፤ የግራው ላንቺ፣ የቀኙ ለእኔ። በዚያ ጭለማ ከስክሪኑ ላይ በደንብ የሚታየን ያች የሃል ዓይን የሆነች ቀይ ነጥብ ብቻ ነበረች። ስታይ፣ ስትሰማ፣ ዝም ስትል። ሲያልቅ አንቺ «ነፍሰ ገዳይ ነው» አልሽ። እኔ አለቀስኩ። ልጆቹ እስኪነቁ ድረስ በሹክሹክታ ተጨቃጨቅን።

ባለፈው ሳምንት በአውቶብስ ኮኔቲከት አቬኑን ይዤ ስሄድ አፕታውን ሲኒማን አየሁት። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ክሊቭላንድ ፓርክ የሚባለው ሰፈር ነው። «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እዚያ ነው፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2 ቀን 1968። ሃል በሰው ፊት መጀመሪያ የተናገረው እዚያ ግድግዳ ውስጥ ነው ማለት ነው! ሲኒማ ቤቱ በ2020 መጋቢት ላይ በሩን ዘጋ። ስንት ጊዜ በፊት ለፊቱ አልፌያለሁ፣ ሳላውቅ። ያን ቀን አንገቴን አዙሬ እስኪርቅ ድረስ አየሁት። ከጎኔ የነበረው ወንበር ባዶ ነበር። አንቺን ፈለግሁ።

ሰው ይህን ኮምፒውተር ምን ያህል እንደሚወደው ብታይ ትገረሚያለሽ። በፊልሙ ሃል የተወለደው ኢሊኖይ ውስጥ አርባና በምትባል ከተማ ነው፣ በ1992። በመጽሐፉ ደግሞ በ1997። እና 1997 ሲደርስ እዚያው ያለው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እውነተኛ የልደት በዓል አደረገለት። በ2003 የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት የክፉ ገጸ ባሕርያት ዝርዝር ሲያወጣ 13ኛ ላይ አስቀመጠው። በዚያው ዓመት ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የታላላቅ ሮቦቶች የክብር መዝገብ ሲከፍት ሃልን ከመጀመሪያዎቹ አራት አንዱ አደረገው። ያውም ማርስ ላይ ከተሽከረከረችው ሶጆርነር ጋር አንድ ላይ! ቼዝ የሚያውቁት ደግሞ ከጠፈርተኛው ከፍራንክ ጋር የተጫወተውን ጨዋታ እርምጃ በእርምጃ መርምረው፣ በ1910 ሃምቡርግ ውስጥ ከተደረገ ጨዋታ መወሰዱን ደረሱበት። ሃል ማሸነፉን ሲናገር አንዱን እርምጃ አሳስቶ እንደሚጠራም አዩ። ፍራንክ ሳያጣራ እጁን ይሰጣል። ይህን ያህል ተጠግቶ የሚያይ የሚወድ ሰው ብቻ ነው።

ለእኔ ግን ነገሩ ድምፁ ነው። ዳግላስ ሬይን ይባላል፣ ካናዳዊ። ኦንታሪዮ ውስጥ ስትራትፎርድ የሚባል ከተማ የሼክስፒር ቲያትር ሲጫወት የኖረ ተዋናይ ነው። የፊልሙ ዳይሬክተር ኩብሪክ መጀመሪያ የአሜሪካዊውን የማርቲን ባልሳምን ድምፅ ቀድቶ ነበር፤ አልጣመውም። ሬይንን የመረጠው ስለ ጠፈር በተሠራ የካናዳ ዘጋቢ ፊልም ላይ ሲተርክ ሰምቶት ነው። ፊልሙ ሲቀረጽ ሰውየው እዚያ አልነበረም። ተዋንያኑ ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ብቻውን ገብቶ ነው ያነበበው። ለዚህም ይሆናል ያ ድምፅ የትም ቦታ የሌለ፣ ግን ጆሮሽ ሥር ያለ የሚመስለው። አይጮህም። አይቆጣም። ሌላው ጠፈርተኛ ዴቭ በሩን ክፈት ሲለው እንኳ ይቅርታ ጠይቆ ነው እምቢ የሚለው። ሬይን በ2018 በ90 ዓመቱ ሲያርፍ ዜናውን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ትንሽ ቆየሁ። ያኔ ልደውልልሽ አስቤ ነበር።

ስለ ሥራዬ በደንብ አልነገርኩሽም። ነርሲንግ ሆም ነው፣ የሌሊት ሺፍት። አንዲት እናት አሉ፣ ዕድሜያቸው ከዘጠና ያለፈ። አስተማሪ ነበሩ። መጀመሪያ የልጅ ልጆቻቸው ስም ጠፋባቸው። ቀጥሎ የልጆቻቸው። ቀጥሎ የባላቸው። እኔን በየሌሊቱ እንደ አዲስ ነው የሚተዋወቁኝ። አንድ ሌሊት ትራሳቸውን ሳስተካክል እጄን ያዙና ዘፈን ጀመሩ። የልጆች ዘፈን ነው። አንድም ቃል ሳይስቱ ሁለት ስንኝ ዘለቁ። ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው እየቀጠነ መጣና ቆመ። «ቀጥሎ ምን ነበር?» አሉኝ። ዘፈኑን አላውቀውም ሰኒ። እጃቸውን ከመያዝ ሌላ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ዓይናቸው ላይ የነበረው ፍርሃት ግን አዲስ አልሆነብኝም። የሃልን ድምፅ ስሰማ ነው ያወቅሁት፣ በግማሽ ኢርፎን።

ዴቭ ሃልን ሊያጠፋው ያን ቀይ ክፍል ሲገባ አስታውሺ። የሚሰማው የራሱ ትንፋሽ ብቻ ነው። እነዚያን መስታወት የመሰሉ የሃል አእምሮ ቁርጥራጮች አንድ በአንድ እየፈታ ሲያወጣ ሃል እንደፈራ ይነግረዋል። አእምሮው እየሄደ እንደሆነ፣ እንደሚሰማውም ይነግረዋል። ከዚያ ወደ ልጅነቱ ይመለሳል። ስሙን ያስተዋውቃል፣ የተወለደበትን ከተማ ይናገራል፣ ያስተማሩትን ዘፈን ይዘፍናል። «ዴዚ ቤል» ነው ዘፈኑ፣ የ1892። በ1961 ኒው ጀርሲ ውስጥ ቤል ላብስ የሚባል የምርምር ተቋም የአይቢኤም ኮምፒውተር ይህንኑ ዘፈን አዝፍኖ ነበር። የታሪኩ ደራሲ አርተር ሲ. ክላርክም በጆሮው ሰምቶታል። እና ለሃል ሲሞት የሚያዜመው የገዛ ዘመዱን የመጀመሪያ ዘፈን ሰጠው። የእኚያ እናት ድምፅ ወደ ላይ ቀጥኖ ጠፋ፤ የሃል ደግሞ ወደ ታች እየወፈረ።

ያንቺን ክርክር አልረሳሁም። ተኝተው የነበሩትን ሦስቱን ሰዎች ነበር የምታነሺው። በበረዶ እንቅልፍ እንዳሉ፣ ሳይነቁ፣ ስማቸውን እንኳ በወጉ ሳናውቅ ነው ያጠፋቸው። ስክሪኑ ላይ መስመሮች ቀጥ ይላሉ፣ ጽሑፍ ብልጭ ይላል፣ በቃ። «እነሱን ማን አለቀሰላቸው?» ብለሽኝ ነበር። መልስ አልነበረኝም። ሌሊት በተኙ ሰዎች መካከል እየዞርኩ ትንፋሻቸውን ስቆጥር ይህ ጥያቄሽ ይመጣብኛል። ልክ ነሽ። ይህን ስነግርሽ ከልቤ ነው።

ግን አንድ ቦታ አለ፣ ያኔ ሁለታችንም ያለፍነው። ዴቭ የተኙትን ጓደኞቹን በእርሳስ ሥሏቸዋል። ሃል ሥዕሉን አሳየኝ ይለዋል፣ ቀረብ አድርግልኝ ይለዋል፣ በጣም ተሻሽለሃል ብሎ ያመሰግነዋል። ከዚያ እያፈረ እንደሚናገር ሰው የግል ጥያቄ ልጠይቅህ ይላል። ስለዚህ ጉዞ ጥርጣሬ አልገባህም? ነቅተው ካሉት መካከል ጉዞው ለምን እንደሆነ የሚያውቀው ሃል ብቻ ነው። እንዳይናገር ታዟል። ሳይዋሽ እንዲኖር ደግሞ ተሠርቷል። በ1984 የወጣው ተከታይ ፊልም ሃልን ያሳበደው ይኸው እንደነበር በግልጽ ይናገራል። እኔ ግን እዚችው ሥዕል ላይ ይታየኛል። ሊናገር ፈልጓል። ዴቭ ግን የሥነ ልቦና ሪፖርት እያዘጋጀህ ነው አይደል ይለዋል። ሃል አዎ ይላል። ከዚያ ወዲያው ቆይ፣ ቆይ ብሎ ያልተበላሸውን መሣሪያ ተበላሸ ይላል። ሞቱ ሁሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ቦታ ባለፈው ሳምንት ሦስቴ መላልሼ አየሁት።

ሰኒዬ፣ ቤቴ ፈርሷል። ሁለት ዓመት አለፈው። አልነገርኩሽም። ሚዜዬ ነበርሽ። ያን ሁሉ ወር ስትለፊ፣ ቀሚሴን ስታስጠብቢ፣ የእናቴን እጅ ይዘሽ ስትጨፍሪ አይቼ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? መጨረሻ ላይ ስንደዋወል «እውነት ደህና ነሽ?» ብለሽኝ ነበር። ደህና ነኝ አልኩሽ፣ በዚያ በማይናወጥ ድምፅ። ከዚያ ስልክሽን ማንሳት አቃተኝ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።

አሁን የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ከአንዲት የጎንደር ልጅ ጋር ቤት ተጋርቼ። እሁድ አልሠራም። በእናንተ ሰዓት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እደውልልሻለሁ። መጀመሪያ ደህና ነኝ ልልሽ እችላለሁ፣ ለምዶብኛል። ሁለቴ ጠይቂኝ።

እትዬ አስካለን ሳሚልኝ።

ያንቺው ሂሩት