ይድረስ ለታችኛው አልጋ

ሐዋሳ፣ ግንቦት 9

ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? «ከረምክ» ብዬ ስጽፍ ራሴን ሳቅ አመጣብኝ። ስድስት ክረምት እኮ ነው ያለፈው። ማዘር እንዴት ናቸው? የፋዘር ጉልበትስ ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አግብቻለሁ። አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። ጸጉሬ ከፊት ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀምሯል።

ለምን እንደጠፋሁ ልንገርህና ይውጣልኝ። የመጨረሻው መልእክትህ አሁንም ቴሌግራሜ ላይ አለ። «ታሪክ ተምረን ምን አተረፍን?» ይላል። ያኔ ባንክ ከገባህ ሦስት ወር አልሞላህም። እኔ አክስቴ ቤት ሳሎን ውስጥ ነበር የማድረው። ሥራ የለም፣ ሳንቲም የለም። ምን ብዬ ልመልስልህ? ነገ እመልሳለሁ አልኩ። ነገ ወር ሆነ። ወሩ ዓመት ሆነ። ከዚያ በኋላማ ዝምታው ራሱ ዕዳ ሆነብኝ። ዕዳ እንዴት እንደሚወልድ ደግሞ ለባንክ ሰው አይነገርም።

አሁን ብዕር ያስያዘችኝ እህትህ ናት። ጥቅምት ላይ ክፍል ገብቼ ስም ስጠራ የፋዘርን ስም ጠራሁ። ቀና ስል ያንተን ግንባር አየሁ። ከክፍል ስወጣ ተከተለችኝና ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ቲቸር፣ ከወንድሜ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነበራችሁ አይደል?» አለች። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። ተደራራቢ አልጋ መሆኑን እስካስረዳ ላብ አጠመቀኝ።

በማግስቱ ቢሮ መጣች። ዲፓርትመንት መቀየር ትፈልጋለች። ለምን ስላት ያለችኝን እንዳለ ልጻፍልህ። «የኢንጂነሪንግ ልጆች ኢንተርንሺፕ ይወጣሉ። የሕክምና ልጆች ዋርድ ይገባሉ። የግብርና ልጆች ቢያንስ ጭቃ ይነካሉ። የሕግ ልጆች እንኳን ችሎት ሄደው ያያሉ። እኛ የምንነካው ሃንድአውት ነው።»

ዝም አልኳት። ያንተው መልእክት ነበር፤ ድምፅ አውጥቶ የመጣ።

እኛስ ምን ነካን? ሰባ ሠላሳ በሚባለው ፖሊሲ ሰባው ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ለእኛ ሲደለደል «የተረፍነው» እያልን ስንቀልድ ትዝ ይልሃል? ሦስት ዓመት ተምረን ለትምህርት ከግቢ የወጣነው አንድ ቀን ነው፤ ቲያ። አውቶቡሱ ሁለት ሰዓት አርፍዶ መጣ። ትክል ድንጋዮቹ ጋ ስንደርስ አስተማሪያችን ወረቀት አወጣና ማንበብ ጀመረ። 36 ድንጋዮች፣ ብዙዎቹ የሰይፍ ቅርጽ የተቀረጸባቸው፣ በዩኔስኮ የተመዘገቡት በፈረንጆቹ 1980። ዶርም ትራስ ሥር የነበረው ሃንድአውት ነው፤ ቃል በቃል። ፎቶ ተነሣን። ዳቦ በላን። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ተመልሰን አውቶቡስ ላይ ነበርን።

አንተ ብቻ ቀረህ። ከጥበቃው ሽማግሌ ጋር ቆመህ ስታወራ ሾፌሩ ጡሩምባ እየነፋ ነበር የጠራህ። መንገድ ላይ የነገርከኝን አልረሳሁትም። ሰውየው በልጅነታቸው እነዚያ ድንጋዮች መካከል ከብት ይጠብቁ ነበር። ዝናብ ሲመጣ የትኛው ድንጋይ ጀርባ እንደሚጠለሉ አሳዩህ። ስንት ዓመት ቦታውን ሲጠብቁ ከጎብኚ የተጠየቁት ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ብቻ ነው አሉህ። እኔ ያን ቀን የጻፍኩት ቁጥሮቹን ነው። ደብተሩ አሁን የት እንዳለ አላውቅም፤ የሽማግሌው ነገር ግን አለ።

እናም እህትህን «ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ጋ ነይ፤ ዲፓርትመንቱን ሰኞ እንቀይረዋለን» አልኳት። ሰባት ጓደኞቿን አስከትላ መጣች። የዓሣ ጥብስ አለ ተብሎ ተወርቶ ነበር።

አሞራ ገደልን አንተ የምታውቀው ለሽርሽር ነው። ጠዋት ግን ሌላ ቦታ ነው። ጀልባዎቹ ይደርሳሉ። መረብ ይራገፋል። ቆሮሶው ለብቻ፣ አምባዛው ለብቻ ይሆናል። ልጆች ቁጭ ብለው ቅርፊት ይገፋሉ፤ የእጃቸው ፍጥነት ዓይን አይደርስበትም። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች መላጣ ሽማግሌ መስለው ቆመው ትራፊ ይጠብቃሉ። (ስለ መላጣ ብዙ ባልናገር ይሻለኛል።)

ሕግ አወጣሁ። ለአንድ ሰዓት ጥያቄ የለም፣ ስልክ የለም፤ ማየት ብቻ። ከዚያ እያንዳንዱ ለአንድ ሰው አንድ ጥያቄ። አንዱ ልጅ የታተመ መጠይቅ ይዞ መጥቷል፤ የጥናት ዘዴ ኮርስ ላይ ያስተማርነው እሱን ነዋ! ሁለት አምባዛ በአንድ እጁ ወዳንጠለጠለ ሰውዬ ሄደና፣ «ዋነኛ የገቢ ምንጭዎ ምንድን ነው?» አለ። ሰውየው ዓሣዎቹን አየ፣ ልጁን አየ። «አንተ ምን ይመስልሃል?» አለው። ልጁም ፈርጠም ብሎ፣ «ምርጫ አለው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ» አለ።

ጀልባው ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁበት። እሱም ደግነቱ አብሮ ሳቀ። ወረቀቱን አጠፈና «ይሄን መረብ መጣል ማን አስተማረህ?» ብሎ ጀመረ። አንድ ሰዓት ተኩል አወራው። አባቱን፣ የመጀመሪያ መረቡን በማን ገንዘብ እንደገዛ፣ ጀልባ የሌለው ሰው ከጀልባ ባለቤት ጋር እንዴት እንደሚካፈል፣ በየትኛው ወር የሐይቁ የትኛው ዳር እንደሚሻል። ያ ልጅ ዛሬ ከመካከላቸው አንደኛ ጠያቂ ነው።

ሰኞ እህትህ ስለ ዲፓርትመንት አላነሣችም። እኔም አላስታወስኳትም።

ስለ ራሷ ሥራ ደግሞ ይሄን ልንገርህ፤ እሷ አትነግርህም፣ ታፍራለች። ስለ ፍቼ ጨምበላላ ልሥራ አለች። የሲዳማ ዘመን መለወጫ በፈረንጆቹ 2015 በዩኔስኮ መዝገብ መግባቱን ታውቃለች። ቀኑን አያንቶ የሚባሉት ኮከብ ቆጣሪዎች ሰማይ አይተው እንደሚወስኑ፣ ከዚያም ለጎሳዎቹ እንደሚታወጅ ታውቃለች። የአዳማ ልጅ ናትና ሲዳምኛ ግን አታውቅም። የክፍል ጓደኛዋን አስተርጓሚ አድርጋ ከከተማ ወጣ ብለው አንድ አዛውንት ቤት ሄዱ። ጠየቀች። አዛውንቱ አሥር ደቂቃ ያህል ተናገሩ። እጃቸው ወደ ሰማይ ሄደ፣ ወደ ጓሮው እንሰት ሄደ፣ አንዴ ደግሞ ዓይናቸውን ጠረገ። ጓደኛዋ ዞር አለና «አዎ ነው የሚሉት» አላት።

አሥር ደቂቃ ሙሉ ተነግሮ «አዎ»!

ማታ ቢሮ ስትመጣ ልታለቅስ ደርሳለች። ደግነቱ አስፈቅዳ በስልክ ቀድታቸው ነበር። ሌላ ሲዳምኛ የምትችል ልጅ ጠራንና አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እያስቆምን ሰማን። አራት ማታ ፈጀብን። አዛውንቱ የሚናገሩት ስለ አንዲት ያገባች ሴት ነው። በየዓመቱ ወላጆቿን ልትጠይቅ ስትመጣ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይዛ ትመጣለች፤ ጎረቤትም ይበላል። የበዓሉ መነሻ ተብሎ በቃል የሚነገረው ይሄ ነው፤ ተጽፎም ይገኛል። እሳቸው ግን መሃል ላይ የገዛ እናታቸውን አስገቡ። እናታቸው ያን ምግብ ተሸክመው በየትኛው መንገድ እንደሚሄዱ፣ ከልጆቹ ማን እንደሚከተል፣ ማን ቤት ጠባቂ ሆኖ እያለቀሰ እንደሚቀር። ትረካው የት አብቅቶ የእናታቸው ነገር የት እንደጀመረ እስካሁን እየተከራከርን ነው።

አስተርጓሚውን ልጅ አልተቆጣሁትም። «ለእኔ የታወቀ ነገር ስለሆነ ዘለልኩት» አለኝ። ይሄን ዓረፍተ ነገር ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ልለጥፈው አስቤ ነበር። እኔ ራሴ ስንት የማውቀውን ነገር ዘልዬ አስተምሬያለሁ?

ሁሉም ሰመረ እንዳይመስልህ። አንዱ ልጅ ዓሣ የሚያጸዱትን ሳያስፈቅድ ቀርጾ፣ ሙዚቃ አስገብቶ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድም ሰው አላናገረንም። ልጁን ይዤ በሌሊት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅን። መረብ አራግፎ እስኪጨርስ አስቆሙት፤ ገባው። አንድ መሥሪያ ቤት ደግሞ ሦስት ልጆች ለሁለት ወር ልምምድ ተቀበለልኝ። ፎቶ ኮፒ ሲያደርጉና ሻይ ሲያመላልሱ ከረሙ። መጨረሻ ላይ ለሦስቱም «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጣቸው። ከሻዩ ይልቅ ያናደደኝ ወረቀቱ ነው። የትብብር ደብዳቤ ለማስፈረም የሚፈጀውን ጊዜማ ተወው። የባጃጁ ወጪ ከኪሴ ነው። ባለቤቴ «ደሞዝህ የወተት ነው የባጃጅ?» ትላለች፤ እውነቷን ነው።

ተማሪዎቹም አሉ። «ቲቸር፣ ይሄ ለመውጫ ፈተና ይመጣል?» በ2015 የመውጫ ፈተናው ከተጀመረ ወዲህ ሳልሰማው የዋልኩበት ቀን የለም። አልፈርድባቸውም። ሃምሳ ያላመጣ ዲግሪ የለውም፤ አሞራ ገደል ደግሞ ምርጫ ያለው ጥያቄ አይወጣበትም።

ነገሩ አዲስ አይደለም እኮ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ጀምሮ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥቶ ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኛው ያስተምር ነበር። የ1967ቱን የእድገት በኅብረት ዘመቻ ደግሞ ከፋዘር አፍ ሰምተነዋል። እናንተ ቤት ለገና በመጣሁ ቁጥር ያወሩን ዘመቻውን ነው እንጂ አንድም ቀን ክፍል ውስጥ ስለተማሩት አላወሩም። ያ ይመለስ ማለቴ አይደለም። በግዴታ ነበር፤ የሞተ አለ፣ የጠፋ አለ፤ እሳቸውም እዚያ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ይቀንስ ነበር። እኔ የምለው ሌላ ነው። ስምንት ልጅና ሁለት ባጃጅ ይበቃኛል።

አሁን ወደ ጉዳዬ። እህትህ የመመረቂያ ጽሑፏን ስለ አዳማ ባቡር ሠራተኞች ልትሠራ ነው። ሐሳቡ የእኔ አይደለም፤ ክረምቱን የት ታሳልፊያለሽ ስላት ራሷ አመጣችው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ከጂቡቲ ያንን ሁሉ ሐዲድ ያስኬዱ፣ ፈረንሳይኛ ከአማርኛና ከኦሮምኛ እየቀላቀሉ ያወሩ የነበሩ ሰዎች ልጆች አሁንም ሰፈራችሁ አሉ። ከጡረተኞቹም በሕይወት ያሉ ሳይኖሩ አይቀሩም። ለእነሱ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም። ብቻ እሷም የሚታወቅ ነገር እንዳትዘል እፈራለሁ።

የአያትህ ሳጥንስ? ያ የቆርቆሮው፣ አልጋ ሥር የነበረው። የምድር ባቡር ወረቀቶች አሉበት፣ አንድ ቀን አሳይሃለሁ ብለኸኝ ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው ቃል የገባኸው፤ እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ አልረሳም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ትመጣለች። ሳጥኑ ሲከፈት መጀመሪያ ምንም ሳይነካ ፎቶ ይነሣ። ማን በማን ላይ እንደተቀመጠ እንዲታወቅ ነው። በወረቀቶቹ ላይ ምንም እንዳይጻፍ፤ የተቀደደውንም በፕላስተር እንዳትለጥፉ፣ እየቆየ ያበላሸዋል። ፎቶዎች ካሉ ማዘርን አስቀምጣችሁ አንድ በአንድ አሳዩአቸው፤ እየቀዳችሁ። «ይሄማ ማንም ያውቀዋል» ካሉ እዚያ ጋ ቆማችሁ ጠይቋቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። እህትህ ስለ ሥራህ ነገረችኝ። ብድር ሊወስድ የመጣውን ነጋዴ ሁሉ ሱቁን እንዴት እንደጀመረ፣ መነሻውን ከማን እንዳገኘ፣ ስንቴ ከስሮ እንደተነሣ ትጠይቃለህ አሉ። ሪፖርትህ እየረዘመ አለቃህ «ይሄ የብድር ፋይል ነው የሕይወት ታሪክ?» ብሎሃል አሉ። ብቻዬን ስቄ ስቄ ባለቤቴ ምን ሆንክ አለችኝ። የሽማግሌው ጥበቃ ጉዳይ ነው አልኳት፤ አልገባትም።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አዳማ እመጣለሁ። ሶፋ ካለ ይበቃኛል፤ ልምዱ አለኝ። ሳጥኑን ግን ከዚያ በፊት ለብቻህ እንዳትከፍተው።

የላይኛው አልጋ