ለአያሌው፣ ከበርበሬው ጋር

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ አያሌው፣

ልጆች ሳለን የሠፈሩን እናቶች ደብዳቤ ስንጽፍላቸው «ለጤናህ እንደምን ከርመሃል፣ እኔ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብለን ጀምረን፣ መርዶውን ከታች በሁለት መስመር እንደብቀው ነበር። አሁንም እንደዚያው ልጀምር አስቤ ብዕሩ እምቢ አለኝ። ናፍቆቱ እውነት ነው። ደህንነቴን አንብበህ ፍረድ።

ስልክ ያልደወልኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ እፍረት ነው፤ ወደሱ እመጣለሁ። ሌላው፣ እዚህ ሰው ስለ አገሩ በስልክ ሲያወራ «ያ ነገር»፣ «እነዚያ ሰዎች»፣ «ያው ታውቀው የለ» እያለ ነው። ሁላችንም ቅኔ ቤት የከረምን መስለናል። እኔ ደግሞ ሰምና ወርቁ ታከተኝ። የጎረቤታችን ልጅ ወደ እናንተ ስትመጣ በርበሬና ሽሮ አስይዤያት፣ ይህን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልዬ በርበሬው መሃል ከተትኩት። ስታነበው ቢያስነጥስህ ታገሰኝ።

ዕዳዬን ላስቀድም። የደወልክልኝ ኅዳር 2013 ነው፣ ጦርነቱ ከተጀመረ ወር ሳይሞላው። የባለቤትህ እናት መቀሌ ነበሩ። ስልክ ተቆርጧል፣ ባንክ ተዘግቷል። «የሰማኸው ነገር አለ?» አልከኝ። እኔም እንደ ዜና አንባቢ «ሕግ ማስከበር ነው እኮ፣ በሁለት ሳምንት ያልቃል፣ ስልኩም ይለቀቃል» አልኩህ። ዝም አልክ። ከኋላህ የባለቤትህ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ «ምን አለ? ምን አለ?» ትልሃለች። ከዚያ «በል እሺ፣ ደህና ሁን» ብለህ ዘጋኸው። ሁለት ሳምንት ያልኩህ ሁለት ዓመት ሆነ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የሰላም ስምምነቱ ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመ ዕለት ማታ ስልኬን አንስቼ ቁጥርህ ላይ ደርሼ ተውኩት። ምን ልበል? እንኳን ደስ ያለህ?

የስልክ መቆረጥ ምን እንደሆነ የገባኝ ተራው ለእኛ ሲደርስ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 አማራ ክልል ላይ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኢንተርኔቱ ጠፋ፤ ስልኩ ሲያሻው ይሠራል፣ ሳያሻው የለም። አገር ቤት፣ ቢቸና ስደውል «ማግኘት አይችሉም» የምትለው ሴትዮ ብቻ ታነሣለች። በዕረፍት ሰዓት ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቆሜ ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ እደውላለሁ። አንድ ቀን እንዲሁ ስደውል የዚያን ዕለቱ «ምን አለ? ምን አለ?» ጆሮዬ ላይ መጣ። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ክፍል ገባሁና የማስተምረው ጠፋኝ።

እቴቴ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ አረፈች። እንዳልሰማህ አውቃለሁ። አንተንም እኔንም ከአንድ ትሪ ያጎረሰች ሴት፣ እኔ ሳልቀብራት ተቀበረች። መርዶውን ያረዱኝ በማለዳ በሬን አንኳኩተው ነው። ቀብሩ የዚያኑ ዕለት ስለሆነ በምንም አልደርስም ነበር። ለአርባዋ ግን መድረስ ነበረብኝ። በአባይ በረሃ በኩል ማን ይሄዳል? አውሮፕላን ተሳፍሬ ባሕር ዳር ወረድኩ። ከዚያ በሞጣ አድርጌ እገባለሁ ብዬ ነው። መንገዱ ተዘግቷል ተባለ። ነገ ይከፈታል፣ ከነገ ወዲያ ይከፈታል ሲሉኝ ሦስት ቀን መናኸሪያ ተመላለስኩ። ድግሱ ተበልቶ ሲያበቃ እኔ ባሕር ዳር አልጋ ክፍል ውስጥ የገዛሁትን ጧፍ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ጧፉን ይዤው ተመለስኩ፤ አሁንም ቁም ሣጥን ውስጥ አለ።

ያን መንገድ ታስታውሰዋለህ? ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ፍቼ ላይ ሻይ፣ ገርበ ጉራቻ፣ ጎሃ ጽዮን፣ ከዚያ ቁልቁለቱ። ጆሯችን ድፍን ሲል ምራቅ እየዋጥን እንሳሳቅ ነበር። ደጀን ስንወጣ ቤታችን የገባን ያህል ነበር። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ ነገር! ዛሬ ሰው ሲሄድበት የሚሰናበተው እንደ ዘማች ነው።

የእህቴ ልጅ፣ ያ አንተ ስትሄድ ጫማህን ያወረስከው ትንሹ፣ መጋቢት 2016 ከዩኒቨርሲቲ ሲመለስ እዚያው መንገድ ላይ አውቶቡሱን አስቁመው ወሰዱት። እነማን እንደሆኑ አትጠይቀኝ። ታጣቂ ናቸው። ደን ውስጥ ያለ ሁሉ ለራሱ ስም አለው፣ ልጁን ያገተብህን ሰው መታወቂያ አሳየኝ አትለው። የደወለልኝ ሰውዬ ግን ጨዋ ነበር፤ ይኼ ነው እስከዛሬ የሚያሳብደኝ። «እንደምን አደሩ መምህር፣ ቤተሰብ ሰላም ነው?» ብሎ ይጀምራል። ስድስት መቶ ሺህ ነበር የጠየቀው። በሦስተኛው ቀን መሃል ላይ ስልኩ ጥርቅም አለ። ከደቂቃ በኋላ «መልሰው ይደውሉልኝ» የሚል መልእክት መጣ። ብደውል «ካርድ ጨረስኩ እኮ መምህር፣ የመቶ ብር ሙሉልኝ» አለኝ። ሞላሁለት! ሞልቼም «ደረሰህ?» ብዬ ጠየቅኩት፤ ለወንድሜ እንደምልክ።

ጣቢያ ሄጃለሁ። የትኛው እንደሆነ ይቅር። መርማሪው ቃሌን በጥንቃቄ ጻፈ፣ አስፈረመኝ፣ ከዚያ ብዕሩን አስቀምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገና «አባቴ፣ ማዋጣቱን ጀምራችኋል?» አለኝ። ተናድጄ ወጣሁ። በኋላ ሳስበው ከሰማሁት ምክር ሁሉ ቀጥተኛው የሱ ነበር።

ሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ ላይ ተስማማን። በ2005 አብረን ተሰልፈን የተመዘገብንበት የ20/80 ኮንዶሚኒየም ቁጠባዬ እዚያ ገባ፤ ዕጣው እንደሆነ አልወጣልኝም፣ የወጣልኝ ይኼ ነው። እህቴ በሬዎቿን ሸጠች። የጎደለውን ዕድራችን አዋጣ። ገንዘቡ በምን እንደደረሰ አልጽፍልህም። ልጁ በአሥራ አንደኛው ቀን ወጣ፤ እግሩ አባብጦ፣ አንድ ቃል ሳይናገር። ይኸው እስከ ዛሬ አውቶቡስ ላይ መስኮት አጠገብ አይቀመጥም።

የዕድሩን ጸሐፊ ለማመስገን ቤታቸው ስሄድ ደብተሩን አሳዩኝ፣ ያ አረንጓዴ ሽፋኑ። ገና ከፊቱ በ2003 የተጻፈ ገጽ አለ፤ «ለአባይ ግድብ» ይላል ርእሱ፣ ከሥሩ የሁላችን ስምና ያዋጣነው። ያንተም ስም አለ፣ 200 ብር። ከኋላ፣ በዚያው በሳቸው የተስተካከለ የእጅ ጽሕፈት፣ «ለልጅ ማስለቀቂያ» የሚል ገጽ። ሰዎቹ ከሞላ ጎደል ያው ናቸው። ባለፉት ሁለት ዓመታት እንዲህ ያለ ገጽ ሲከፍቱ የእኛ ሦስተኛው ነው አሉኝ። ቡና አፍልተውልኝ ነበር፣ መጠጣቱን ረሳሁት።

የእኛ ስም አልወጣም፤ ብዙ ሰውም አልሰማ። በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ገርበ ጉራቻ አካባቢ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች ታግተው ከመቶ በላይ ሰው ሲወሰድ ግን ዓለም ሁሉ ሰማ። ከዚያ በፊት በ2012 የደምቢ ዶሎዎቹ ነበሩ። ያኔ ደንግጠን ሰልፍ ወጣን፣ ፎቶአቸውን ለጠፍን። አሁን የምንጠይቀው «ስንት ጠየቁ?» ብለን ነው።

ስለ ፖለቲካው ምን ልንገርህ? ሰኔ 16 ቀን 2010 መስቀል አደባባይ አንተ ትከሻዬ ላይ ወጥተህ ስትጮህ ቦምቡ ፈነዳ፤ ሮጠን ስናበቃ እንኳ «ለውጡን ሊያደናቅፉ ነው» እያልን ጠቅላይ ሚኒስትሩን የበለጠ ወደድናቸው። የኖቤል ሽልማቱ ዕለት ሠራተኛ ሁሉ ኬክ ቆርሷል፤ እኔም በልቻለሁ። ሰኔ 14 ቀን 2013 እስከ ማታ ተሰልፌ መረጥኩ። ብልጽግና ከ436ቱ 410 መቀመጫ ሲወስድ፣ ይኼንን ያህል የሚስማማ ሕዝብ ለምን እርስ በርሱ ይዋጋል ብሎ የጠየቀኝ ጠፋ። በመጪው ሰኔ ደግሞ ሌላ ምርጫ አለ እየተባለ ነው። ካርድ አውጥቼ ድምፅ የምሰጥ ይመስለኛል፤ ልማድ ሆኖብኝ። የእኛ የቢቸናዎቹ ሳጥን ግን በየት በኩል እንደሚገባ አላውቅም፤ እኔ ጧፍ ይዤ ያልገባሁበት አገር ነው።

ፍርደ ገምድል እንዳትለኝ ግን፣ ከተማዋ አምራለች። ከኮሪደር ልማቱ በኋላ ብትመጣ ትጠፋለህ። ማታ ማታ ልጄን ይዤ ፒያሳ እወርዳለሁ፤ መብራቱ፣ ፏፏቴው፣ የብስክሌት መንገዱ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ይለኛል። ከዚያ ኬክ የምንበላበት ቤት የነበረበት ቦታ ላይ ስደርስ የት ጋ እንደነበር መለየት ያቅተኛል። የፈረሰበት ሰው የት እንደገባ አልጠይቅም፣ የማውቃቸው ሁሉ ከከተማ ውጭ ወጥተዋል። ሌብነቱን ተወው፤ በ2011 ሞተር ብስክሌት የታገደው ለሌባ ነበር፣ ሌባው በእግሩ ሥራውን ቀጥሏል። ባለፈው ሚኒባስ መስኮት ላይ የባልደረባዬን ስልክ ከጆሮዋ ነጥቀው ሄዱ፣ ወያላው «መስኮት ዝጉ ብያለሁ» ብሎ የተቆጣው እሷን ነው።

ኑሮውን አንተ በዶላር ስለምታስበው አይገባህም። ስትሄድ ዶላር 27 ብር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ተለቀቀ፣ አሁን ከ140 በላይ ነው። የላክልህ በርበሬ ስንት እንዳወጣ ብነግርህ ወጡን አልጫ ትበላ ነበር።

አንዱን ብቻ ሳልነግርህ አላልፍም፤ የውጭ ጉዳይ የሚባለውን። ጥቅምት 2016 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ቀይ ባሕር በቴሌቪዥን ከተናገሩ ወዲህ የጂኦግራፊ መምህርነት ከባድ ሥራ ሆኗል። መጀመሪያ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ሞቃዲሾ ተቆጣች፣ ግብፅ ለሞቃዲሾ የጦር መሣሪያ ላከች፣ ከዚያ ታኅሣሥ 2017 ቱርኮች አንካራ ላይ አስታረቁን። አሁን ደግሞ ወሬው አሰብ ነው። ጥያቄው ከንቱ ነው አልልህም፤ ይህን የሚያህል ሕዝብ ይዞ ዕቃውን ከሞላ ጎደል በሙሉ በጅቡቲ በር ማስገባት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለተማሪ ሳስረዳ ኖሬያለሁ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ሲመረቅም አልቅሻለሁ፣ 5,150 ሜጋ ዋት ሲሉ የአንድ ወር ደመወዜን ቆርጠው የወሰዱበትን ዓመት አስታወስኩ፣ አልቆጨኝም። አገር ሲጠቅም እኔም ዜጋ ነኝ።

ግን ባለፈው ሳምንት 12ኛ ክፍል ካርታ ሰቅዬ ሳስተምር፣ ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ አሰብ ሄደው ያውቃሉ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «እኛ ግን እንሄዳለን» አለ፣ ክፍሉ አጨበጨበ። ሳላስበው ወንዶቹን መቁጠር ጀመርኩ። ሃያ ሦስት ናቸው። ከእኛ ክፍል ባድመ የሄዱት ስንት ነበሩ? አምስት አይደሉም? ከመካከላቸው አንዱ ሒሳብ ስትኮርጅበት የነበረው ነው። መስከረም 1 ቀን 2011 ዛላምበሳ ላይ ድንበሩ ሲከፈት በቴሌቪዥን እያየን የሱን እናት ነበር ያነሣነው፣ ትዝ ይልሃል? ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ ተዘጋ። አሁን በያዝነው አያያዝ ድንበሩ እንደገና የሚከፈተው በምን እንደሆነ ሳስብ ቾኩ እጄ ላይ ይደቃል። ለልጁ ልመልስለት የፈለግኩት ሌላ ነበር፤ አሰብ ይቅርና ቢቸና መግባት አቅቶኛል ልለው። ካርታው ላይ ሁለቱንም ዐየኋቸው። ደወል ተደወለ፣ ካርታውን ጠቅልዬ ወጣሁ።

እንግዲህ የባለቤትህ እናት አሉ? ይኼን ሳልጠይቅ አምስት ዓመት አለፈኝ። ካሉ በል ንገረኝ፣ ከሌሉም ንገረኝ። እሷ ደብዳቤውን ላንብበው ካለች ስጣት፣ አልፈልግም ካለችም እውነቷን ነው።

በርበሬው ሁለት ላስቲክ ነው። ቀይ ክር የታሰረበት የሷ ነው፤ እሱን የፈጨችው እህቴ ናት፣ የልጁ እናት፣ በራሷ እጅ ደልዛ። «ለዚያች ልጅ ስጥልኝ» ነው ያለችኝ፣ ሌላ አልተናገረችም። ያንተ ከገበያ የተገዛ ነው።

ቁጥሬ ያው ነው።

ወንድምህ