እሳቱ ሳይሞት አትተኛ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእናትህም ወገብ ተሽሎታል። ስልክህ አልሠራ ስላለኝ ይህን ደብዳቤ በሚኒባሱ ሾፌር እጅ ልኬልሃለሁ።

ያስጨነቀኝ እኅትህ የነገረችኝ ነው። ነፋሱ የጣለውን ባሕር ዛፍ ከአያትህ ጓሮ እስከ ወንዙ ድረስ ከምረህ፣ ቤንዚን አርከፍክፈህ ቅዳሜ ልታቃጥለው፣ ሰኞ ደግሞ ሥራህ ላይ ልትገኝ ነው አሉ። ልጄ፣ አሁን ግንቦት ነው። ለኩሰኸው ከሆነ ማንበቡን ትተህ አካፋ ይዘህ ውጣ፤ ደብዳቤው የትም አይሄድም። ካልለኮስህ አትለኩስ።

ለመሆኑ የሚቃጠለው ምኑ ነው? ቀጥ ቀጥ ያለውን ለይ፤ ወፍራሙ ለቋሚና ለወራጅ፣ ቀጭኑ ለማገር ይሆናል። የአጣና ነጋዴው በአይሱዙው አገና ከተማ ድረስ ይመጣል፤ አያትህ ታውቀዋለች። የተሰባበረውን ፈልጠህ ከቤቱ ጀርባ ደርድርላት። መስቀል አራት ወር ነው የቀረው፤ እርሷ ደግሞ ለመስቀል እርጥብ እንጨት የምታነድ ሴት አይደለችም። ጭራሮውን ጎረቤት ይልቀመው። የሚተርፍህ ቅጠልና ቀንበጥ ነው፤ እርሱንም ሰኔ ገብቶ አፈሩ ሲርስ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ ጥቂት ጥቂቱን ታቃጥለዋለህ።

እርጥብ ነው ብለህም አትታለል። ሕፃን ሳለህ ጉንፋን ሲይዝህ ብርድ ልብስ አልብሰን በባሕር ዛፍ ቅጠል ስናጥንህ ዓይንህን ያስለቅስህ የነበረው ዘይቱ ነው። በዚያ ዘይት የተነሣ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሳለ እንደ ችቦ ይንቦገቦጋል። ዐፄ ምኒልክ ለአዲስ አበባ ማገዶ ይሁን ብለው ያስመጡት ዛፍ መንደድ ቸግሮት አያውቅም። ቤንዚኑን ለባለቤቱ መልስ።

የሥሩን ነገር ደግሞ ከእኔ ስማ። አባቴ የታችኛውን ማሳ ሲያጸዳ ቅርንጫፉን አንድ ትልቅ ጉቶ ላይ ከምሮ አቃጠለው። ማታ ውኃ አፈሰሰበት፤ ጭሱም ጠፋ፤ ገብቶ ተኛ። እሳቱ ግን ወደ ሥሩ ወርዶ ነበር። ደረቅ ሥር ከአፈር በታች እየጋመ ብዙ ቀን ይቆያል፤ ላዩን ለሚያይ አመድ ብቻ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ከጉቶው ርቆ በአጥሩ ሥር ብቅ አለ። ፊቱን ወደ ጀፎሮው፣ ወደ መንደሩ ሰፊ መንገድ፣ ያዞረው የጎረቤታችን ትልቁ ቤት፣ ሰው በእንስራ ውኃ ይዞ ሳይደርስ ክዳኑ ተደረመሰ። የመሀሉ ምሰሶ ብቻ ጠቁሮ ቀረ። ሰው አልሞተም፤ አንዲት ጥጃ ከውስጥ ቀረች። ጩኸቷን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ሽማግሌዎች በየጆካ፣ በጉራጌ ባህላዊ የዳኝነት ሥርዓት፣ ተቀምጠው በአባቴ ላይ ካሳ ፈረዱ። ከፈለ። የከፈለው ለእኔ ትምህርት ብሎ ያሳደገውን ባሕር ዛፍ ገና ሳይደርስ በርካሽ ሸጦ ነው። 7ኛ ክፍል ነበርሁ፤ በዚያው ክረምት መርካቶ አጎቴ ሱቅ ተላክሁ። አባቴን ወቅሼው አላውቅም። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሳልፈተን መቅረቴ ግን ዛሬም ይቆጨኛል። አንተ የተመረቅህ ቀን ከአዳራሹ ወጥቼ ደጅ የቆምሁት ሙቀቱ አስቸግሮኝ እንዳይመስልህ።

ስለዚህ ብታቃጥልም እሳቱ ሳይሞት አትተኛ። ሞተ የሚባለው አመዱን በአካፋ ገልብጠህ፣ ውኃ አፍስሰህ፣ ደግመህ ገልብጠህ፣ የእጅህን ጀርባ ስታስጠጋው ሙቀት ሲያጣ ነው። በማግስቱም ሂድና እይ። ጉቶ ላይ ፈጽሞ አትከምር። ከመሬት ጠጋ፣ ዘመም አድርገህ የቆረጥኸው ጉቶ ውኃ ሳይቋጥር ያቆጠቁጣል፤ ያቃጠልኸው ግን አለቀለት።

ከነሥሩ የተነቀለውን ስትቆርጥ ተጠንቀቅ። ግንዱ ሲቀልለው ሥሩ ከነአፈሩ ድንገት ወደ ጉድጓዱ ሊመለስ ይችላል። የአጎትህ ልጆች እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው እንዳይጫወቱ፤ ዛፉ ሳይቆረጥ በፊት አንድ በአንድ ቁጠራቸው። የመብራት ምሰሶው ላይ የተጋደመውን ሠራተኞቹ ሳይመጡ አትንካ። ወደ ሽቦው ፍየል እንኳ አታስጠጋ።

ተቆጣኝ ብለህ አትዘን። ማንም ሳይልክህ አያትህን ልታግዝ መሄድህን ለሰው ሁሉ ስናገር ነው የሰነበትሁት፤ እናትህ እስኪሰለቻት። ሰኞ ባትደርስ አለቃህን እኔ እለምነዋለሁ። እሳቱን ጥለህ ከምትመጣ ሥራው ይቅር።

ከሾፌሩ ቡናውን፣ ስኳሩን፣ ጓንቱንና የአያትህን የደም ግፊት መድኃኒት ተቀበል። መድኃኒቱ የሁለት ወር ነው፤ ጠዋት ጠዋት አንድ ፍሬ። ለጎረቤት ስታካፍል እንዳላገኛት ንገራት። የአጣናውን ገንዘብ በእጇ ቁጠርላት፤ ለእኔ እንዳትልከው።

አባትህ