ሐይቅ ምን አለ ላልሽኝ ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉልበቴም ከክረምቱ ወዲህ ተሽሎታል።

ባለፈው እሁድ በስልክ ያልሽኝ ነገር ከሆዴ አልወጣ ብሎኝ ነው ይህን የምጽፍልሽ። ለመስቀል ከጓደኞችሽ ጋር ሪዞርት ልትሄጂ አስበሽ ነበር። የአንድ ሌሊቱን ዋጋ ስትሰሚ ተውሽው። "ታዲያ ለምን ወደ ቤትሽ አትመጪም?" ብልሽ፣ "ሐይቅ ደግሞ ምን አለ አባዬ? ዓሣ በልቶ መመለስ ነው" አልሽኝ። ያኔ ዝም አልኩ። ተቀይሜሽ አይደለም። በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ነው።

አንቺ ከዚህ ከሐይቅ ከተማ የወጣሽው በአሥራ ስምንት ዓመትሽ ነው። እስከዚያ ድረስ ሐይቁን የምታዪው ከትምህርት ቤት ስትመለሺ በሩቁ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ሌላ ልጅ ሳስተምር ውዬ ማታ ደክሞኝ እገባለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የእርማት ወረቀት። የራሴን ልጅ እጇን ይዤ ውሃው ዳር ያዞርኳት በጣት የሚቆጠር ቀን ነው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ጊዜ አለኝ። ስለዚህ ነይ።

ገንዘብ የምታወጪው ለመኪና ብቻ ነው። እስከ ደሴ መንገዱን ታውቂዋለሽ። ከደሴ ሐይቅ በወልዲያው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሚኒባስ አይጠፋም። ከዚያ በኋላ ያለው በእግር ነው። እግር ደግሞ አይከፈልበትም።

መጀመሪያ የማሳይሽ ንጋቱን ነው። እንቅልፍ እንደምትወጂ አውቃለሁ፤ አንድ ቀን ብቻ ቻይልኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት እንወጣለን። ጋቢ ደርቢ፤ ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ጠዋት ይበርዳል። አዛኑ ካለቀ በኋላ መንገዱ ላይ የሚሰማው የሰውና የአህያ ኮቴ ብቻ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ተጉዘን ውሃው ዳር ስንደርስ ጉሙ ገና አልተነሣም። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ የቀዘፋ ድምፅ ይመጣል፣ ቀጥሎ ሰው ይታያል፣ በመጨረሻ ጀልባው። ዓሣ አስጋሪዎቹ ማታ የጣሉትን መረብ ሰብስበው ሲመለሱ ነው።

እዚያ አንድ የማውቀው የወደቀ ግንድ አለ። ቁጭ በይና አንዲት ወፍ ጠብቂ። ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር ናት፤ ምንቃሯ ከሰውነቷ ጋር ሲተያይ ረዘም ይላል። ከውሃው በላይ አየር ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ክንፏ ይርገበገባል፣ ጭንቅላቷ ግን ንቅንቅ አይልም። ቁልቁል ታያለች። ከዚያ ጧ ብላ ውሃው ውስጥ ትገባለች። ባለፈው ሳምንት ቁጭ ብዬ ቆጠርኩላት። ሰባት ጊዜ ወርዳ ሁለት ጊዜ ነው የቀናት። ዓሣ ስትይዝ እንጨት ላይ ታርፍና ዓሣውን ግራና ቀኝ እንጨቱ ላይ ታጋጨዋለች። መንፈራገጡን ሲያቆም በጭንቅላቱ በኩል አዙራ ትውጠዋለች። በጅራቱ በኩል ብትውጠው ክንፉ ጉሮሮዋ ላይ ይሰነቀርባታል። ይህን ሳይ ስንት ዓመት ስለ ወፍ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ እንዳስተማርኩ ትዝ አለኝና ቆጨኝ።

ዓሣ በልቶ መመለስ ነው ያልሽው፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እንኳ የዚህ ሐይቅ ተወላጅ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ከሌላ ቦታ አምጥተው የጨመሩት ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ውሃው ከአሁኑ ይልቅ ጥርት ያለ ነበር፤ አሁን አረንጓዴነቱ ይበዛል። ያጠኑት ሰዎች ከምክንያቶቹ አንዱ ቆሮሶው ነው ይላሉ። ውሃውን የሚያጠሩትን ዓይን የማያያቸው ትንንሽ ነፍሳት ስለበላቸው ነው አሉ። በሌላ በኩል ግን ስንት ቤተሰብ ልጁን በዚያ ዓሣ እንዳስተማረ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁለቱንም አብረሽ ያዢልኝ።

አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። ውሃው ውስጥ እግርሽን አትንከሪ። ዳሩ ላይ ሣርና ቄጤማ ባለበት ቦታ የቢልሃርዚያ ትል አለ። እኔ ልጅ እያለሁ ስዋኝ ውዬ ያዘኝና ብዙ ጊዜ ሆዴን አሞኝ ነበር። ደግሞም ጥልቅ ነው፤ መሐሉ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። ዳሩን አይተሽ አትመኚው። ማየት፣ መቀመጥ፣ መራመድ፣ ይህ ሁሉ ይበቃል።

አሁን ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ልምጣ። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላሽ ከወንድምሽ ጋር ወስጄአችሁ ነበር። እሱ ገባ፣ አንቺ ከበሩ ቀረሽ። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አይገባም። "ለምን?" አልሽኝ። "ሕግ ነው" አልኩሽና ከረሜላ ገዛሁልሽ። ከረሜላውን በእጅሽ ጨብጠሽ ሳትበይው ቤት ድረስ እንዳለቀስሽ አልረሳም። ያን ቀን የምነግርሽ ነገር ነበረኝ። ሳልነግርሽ ቀረሁ።

የአገራችን ሽማግሎች እንዲህ ያወራሉ። ድሮ ይህ ቦታ ውሃ አልነበረም፤ መሬት ነበር። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ነበረች፤ አንዲት ልዕልት ግፍ ዋለችባት። ፈጣሪ ግፉን አይቶ ተቆጣ። ዙሪያውን በሙሉ ውሃ አደረገው፤ ልዕልቲቱም ከነወገኖቿ ሰጠመች። ሳይሰጥም የቀረው ያቺ ነፍሰ ጡር የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ነው። እሱ ደሴት ሆነ። ኋላ ከየብሱ ጋር ተያያዘ፤ ዛሬ ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለው እዚያ ላይ ነው። አየሽ ልጄ? መሬቱ የተረፈው ለአንዲት ሴት ተብሎ ነው። ከበሩ ቆመሽ ስታለቅሺ ይህን ብነግርሽ ኖሮ አለቃቀስሽ ሌላ ይሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ።

የቦታውን ታሪክ በትምህርት ቤት ተምረሻል፤ ግን ርቀቱን ልብ ብለሽው ነበር? በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ እዚህ ትምህርት ቤት ከፈቱ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ እስከዚህ መጥተው ተማሪያቸው ሆኑ። የገዳሙ አበ ምኔት ዓቃቤ ሰዓት ይባል ነበር፤ በንጉሡ ቤተ መንግሥት ትልቅ ሹመት ነበር። መጻሕፍት የተገለበጡት፣ ሰው የተማረው እኛ ዓሣ እንበላበታለን ከምንለው ውሃ ዳር ነው። የገዳሙ ሙዚየም ክፍያ አለው፤ እሱን ለወንድምሽ እንተውለት። ኅዳር 26 የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ነው። ሕዝቡ ነጠላውን ለብሶ በዚያ መንገድ ሲጎርፍ ማየት ከፈለግሽ ጉዞሽን ለዚያ ቀን አድርጊው።

አንቺን የምወስድሽ ከዳገቱ ላይ ነው። ከከተማው ወጣ ብለን የገበሬውን የእግር መንገድ ይዘን ቀስ እያልን እንወጣለን። ከላይ ሲታይ ሐይቁ በሙሉ ይገለጣል። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከላይ ስታዪው ግን በሁለት እጅሽ የምታቅፊው ይመስላል። ገዳሙ ያለበት መሬት ዛፍ ለብሶ ወደ ውሃው ገባ ብሎ ይታያል። ማንም የማይከለክልሽ እይታ ነው። ወደ ምሥራቅ ከተራሮቹ ጀርባ አገሩ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። እዚያ ላይ ሆነን እናትሽ የቆላችውን ቆሎ እንበላለን።

መንገድ ላይ ሰው ያገኘናል። "አማን ናችሁ?" ይላል፤ ቆመን ሰላምታውን እንጨርሳለን። ቡና ከተፈላ ደግሞ ማለፍ የለም። እንደ አዲስ አበባ "አይ፣ ቸኩያለሁ" ብትይ ሰው ይከፋል። ሦስተኛውን ሳንጠጣ አንነሣም። ለዚህ ብለሽ ከከተማ ግማሽ ኪሎ ስኳር ያዢ። ቡናው አይሸጥም፤ ግን ባዶ እጅ መግባት ነውር ነው።

ከሁሉ በላይ ግን አብረሽኝ እንድትሄጂ የምፈልገው ሐርዲቦ ነው። ከሐይቅ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሌላ ሐይቅ ነው። ከእሱ የሚወጣው የአንከርካ ወንዝ ቁልቁል ወርዶ ወደኛ ሐይቅ ይገባል። ገበሬው መንገድ ላይ ለመስኖ ይጠልፈዋል፤ የተረፈው ይደርሳል። ወንዙን ተከትዬ ከሐይቅ እስከ ሐርዲቦ በእግር ልሄድ ያሰብኩት ገና ወጣት መምህር እያለሁ ነው። "በሚቀጥለው ዓመት" ስል ስል ሳልሄድ ይኸው ሸመገልኩ። ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ መንገድ ነው። ጠዋት በማለዳ ከተነሣን፣ ጉልበቴም ካላሳፈረኝ፣ እንደርሳለን። ስንመለስ የሚያመጣን መኪና ወይም ባጃጅ አፈላልጋለሁ፤ እሱን እኔ እከፍላለሁ።

የኛ ሐይቅ ውሃ ይገባበታል እንጂ ከላይ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። የገባ ነገር እዚያው ይቀራል። ለዚህ ነው የውሃ ጠርሙስሽን ዳር ላይ ጥለሽ እንዳትነሺ የምለምንሽ። ባዶውን በቦርሳሽ መልሺው። ጓደኞችሽም ከመጡ እንደዚሁ። ይምጡ ደግሞ፤ ቤቱ ይበቃናል። ፍራሽ ሳሎን ላይ እናነጥፋለን።

ከመስቀል በኋላ ጭቃው ይደርቃል፤ ጥቅምት ጥሩ ነው። ያንን ነጭ ጫማ አታምጪ። ታኮ የሌለው፣ ጭቃ ቢነካው የማታዝኚበት ጫማ ይሁን። ባርኔጣም ያዢ፤ ረፋዱ ላይ ፀሐዩ ይከራል። ካሜራ እንኳ አያስፈልግሽም፣ ስልክሽ ይበቃል።

እናትሽ በርበሬ እያስቀነጠሰች ስለሆነ ራሷ አልጻፈችልሽም፤ ሰላም በልልኝ ብላለች። የምትነሺበትን ቀን ብቻ ደውለሽ ንገሪኝ። መናኸሪያው ድረስ መጥቼ እጠብቅሻለሁ።

አባትሽ