ግራጫ ሳሎንህን አየሁት

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን ክርክር ለሽማግሌ እንተወው። እኔ ዙሪያ ጥምጥም አልችልበትም፣ ታውቀኛለህ። የአዲሱን ቤትህን ፎቶ እህትህ አሳየችኝ። እንኳን ለዚህ አበቃህ! ስቶክሆልም ላይ የራስ ቤት መግዛት ቀልድ አይደለም። በጣም ነው ደስ ያለኝ። ሳሎኑን ሳይ ግን ብርድ ብርድ አለኝ።

ግድግዳው ግራጫ። ሶፋው ግራጫ። ምንጣፉም ግራጫ። ኮርኒሱ መሀል ያለው አምፖል ደግሞ ነጭ ሆኖ ያፈጣል፤ ሶፋው ላይ የተቀመጠ ሰው ካርድ አውጥቶ ተራ የሚጠብቅ ነው የሚመስለው። እህትህ «ዘመናዊ ነው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ግን ፊኒሺንግ ሥራ ውስጥ ከገባሁ ወዲህ የሰው ግድግዳ አይቶ ማለፍ አቅቶኛል፣ ለጀለሴማ እንዴት ዝም እላለሁ?

ግራጫ ጠላቴ አይደለም። እዚህም አፓርታማ የገዛ ሁሉ «ግሬይ አድርግልኝ» ነው የሚለው። ድሮ ሁሉም ክሬም ነበር፣ አሁን ተራው የግራጫ ነው። ችግሩ ሰው ግራጫን ምንም ቀለም እንደሌለው አድርጎ መቁጠሩ ላይ ነው። አብዛኛው ግራጫ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ቢጫ ወይም ቡናማ ጠብ ያለበት አለ፣ እሱ ሞቅ ይላል። ሰማያዊ ጠብ ያለበት አለ፣ እሱ ይቀዘቅዛል። ናሙናውን ብቻውን ስታየው አይገባህም። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገህ አጠገባቸው ንጹህ ነጭ ወረቀት ስታስቀምጥ ያኔ ይጋለጣሉ።

አንተ ደግሞ ቀለም በኮድ የሚጠራበት አገር ነው ያለኸው። ስዊድኖች ኤንሲኤስ የሚሉት ሥርዓት አላቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የአገሪቱ ደረጃ ሆኖ ይሠራበታል። የቀለሙ ቆርቆሮ ካልተጣለ ክዳኑን እይልኝ። ለምሳሌ ኤስ 2002-ዋይ የሚል ቢሆን፣ 20 ምን ያህል ጥቁረት እንዳለው ነው፣ 02 ምን ያህል ቀለም እንዳለው ነው፣ የመጨረሻው ፊደል ወዴት እንደሚያዘነብል ይነግርሃል። ዋይ ቢጫ ነው፣ አር ቀይ፣ ቢ ሰማያዊ፣ ጂ አረንጓዴ። ኤን ካለ የትም አላዘነበለም። ያንተ ቢ ነው ብዬ ምሳ እወራረዳለሁ።

እህትህ ሳሎኑ ወደ ሰሜን ነው የሚያየው ብላኛለች። ስቶክሆልም ከምድር ወገብ በ59 ዲግሪ ወደ ሰሜን ርቆ ነው ያለው። ወደ ሰሜን በሚያይ መስኮት ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ በቀጥታ አይገባም፣ በበጋቸው ማለዳና ማታ ጎን ጎኑን ካልነካው በቀር። የሚገባው የሰማዩ ብርሃን ነው፣ እሱ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ታዲያ ሰማያዊ ያዘነበለ ብርሃን ሰማያዊ ያዘነበለ ግራጫ ላይ ሲያርፍ ምን ትጠብቃለህ? በታኅሣሥ ደግሞ የቀኑ ርዝመት ራሱ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው።

የሚገርምህ፣ እዚህ ያሉ ደንበኞቼ ለናንተ አገር የተጻፈውን ምክር ከስልካቸው አውጥተው ያነቡልኛል። «ሰሜን ለሚያይ ክፍል ሞቅ ያለ ቀለም፣ ደቡብ ለሚያይ ቀዝቃዛ።» ወንድሜ፣ አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ ናት! ፀሐይዋ ቀትር ላይ አናታችን አካባቢ ነው የምትውለው፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ ደግሞ ጭራሽ ወደ ሰሜን ዞር ትላለች። ያን ጊዜ ሰሜን የሚያየው ክፍል ነው ፀሐይ የሚያገኘው፣ ክረምቱ ደመናውን ባይዘረጋበት። እዚህ እኔ የምጠይቀው ምሥራቅ ነው ወይስ ምዕራብ ብዬ ነው። ምዕራብ የሚያይ ሳሎን ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ፊት ለፊት ይገባበታል፣ ያ ቤት ላይ ብርቱካናማ ግድግዳ ብትጨምርበት ሰው አይቀመጥም። እዚያ ቀዝቀዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ጠብ ያለበት ነጭ አልፈራም። መጋረጃውን፣ ትራሱንና ምንጣፉን ግን ሞቅ አደርጋለሁ፣ ምክንያቱም ሰኔ ይመጣል፤ ሐምሌና ነሐሴ ሙሉ ያ ቀዝቃዛ ግድግዳ ደመናውን ቤት ውስጥ ያስገባዋል።

ያንተን በተመለከተ ብሩሽ ከማንሳትህ በፊት አምፖል ቀይር። ይሄ በጣም ርካሹ ነው። ካርቶኑ ላይ ኬልቪን የሚል ቁጥር አለ፣ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ይቀዘቅዛል፤ ሰው ይህን ገልብጦ ስለሚይዘው ነው የሚሳሳተው። ሻማ ወደ 1900 ገደማ ነው። ያ የድሮው ቢጫ አምፖል 2700 አካባቢ። 4000 መሀል ላይ ነው። 6500 የሚለው ደግሞ እንደ ደመናማ ቀን ብርሃን ነጭ ነው፣ ያንተም እሱ ይመስለኛል። ለሳሎን 2700 ግዛ፣ ግፋ ቢል 3000። አንድ ክፍል ውስጥ ቢጫውንና ነጩን አምፖል አታደባልቅ፣ ግማሹ ሰው የታመመ ይመስላል። ሌላው ሲአርአይ የሚሉት ቁጥር ነው፣ ብርሃኑ የዕቃን ቀለም ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ ይናገራል። 90 ወይም ከዚያ በላይ ፈልግ። ዝቅተኛ የሆነ እንደሆነ በተለይ ቀይ ይሞትብሃል፣ ስጋውም ቲማቲሙም ፊትህም አመድ ይመስላል።

እና ደግሞ ከላይ አንድ አምፖል ብቻ አትሥቀል። ይህን ከጎረቤቶችህ ተማር፤ ስዊድኖች መስኮት ላይ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ሶፋ ጥግ ትንንሽ መብራት ነው የሚያስቀምጡት። ከገና በፊት በየመስኮቱ የሚደረደሩትን የኤሌክትሪክ ሻማዎች አይተህ የለ? ትልቅ ቀዝቃዛ ጨለማ ውስጥ ትንሽ ሞቅ ያለ ነገር። ገጠር ወጣ ስትል የምታያቸው ቀያይ የእንጨት ቤቶችም እንደዚያው ናቸው። ያ ቀይ ከፋሉን የመዳብ ማዕድን የሚወጣ፣ ብረት ያለበት አፈር ነው። ማዕድኑ በ1992 ቢዘጋም ቀለሙ እስካሁን ይሠራል። በረዶና ግራጫ ሰማይ መሀል ያ ቀይ ባይኖር ምን ይሆኑ ነበር?

አሁን ትራሱ ጋ ደርሰናል። እህትህ «ብርቱካናማ ትራስ ልልክለት ነው፣ ሶፋውን ያሞቅለታል» ብላለች። አስቁማት! እውነቴን ነው። በፓሪስ የጎበሊን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ የነበረ ሸቭረል የሚባል ኬሚስት ነበር። ጥቁሩ ክር ደከም ብሏል የሚል አቤቱታ መጣበት። ሲመረምረው ማቅለሚያው ምንም አልሆነም፣ ጥፋቱ ከጎኑ የተሸመኑት ሰማያዊና ወይን ጠጅ ክሮች ነበር። ይህን ሁሉ አጥንቶ በ1839 አሳተመው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ዓይናችን አንድን ቀለም ሲያይ አጠገቡ ያለውን ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል። የብርቱካናማ ተቃራኒ ሰማያዊ ነው። ስለዚህ ደማቅ ብርቱካናማ ትራስ ያንተ ግራጫ ሶፋ ላይ ስታስቀምጥ ትራሱ እንደ እሳት ይነድዳል፣ ሶፋው ደግሞ የባሰ ሰማያዊ ይሆናል። ሁለቱም ይጮኻሉ።

እኔ ብሆን ደመቅ ያለውን ትቼ ለስለስ ያለውን እመርጣለሁ። የቆዳ ቡናማ፣ የጡብ ቀለም፣ የደረቀ ሣር ቢጫ፣ ያልነጣ ጥጥ። እና አረንጓዴ። አረንጓዴ ሁለቱም ወገን ዘመድ ያለው ቀለም ነው፤ ቢጫ ሲበዛበት ሞቅ ይላል፣ ሰማያዊ ሲበዛበት ይቀዘቅዛል። የወይራ ቅጠል ዓይነት አረንጓዴ አንድ መጋረጃ ወይም አንድ ወንበር ላይ ብታደርግ ግራጫውንና ቡናማውን ያስታርቅልሃል። ሰዎች ይህን ቀለም ለምን እንደሚንቁት አይገባኝም።

ሳልረሳው፣ ያን ምንጣፍ አንሳ። በፎቶው ጠርዝ ላይ ወለልህን አየሁት፣ ኦክ ፓርኬ ነው። እዚህ ሰው ሴራሚክ ላይ እንጨት የሚመስል ነገር ለማንጠፍ ስንት ብር እንደሚያወጣ ብታውቅ! ቤትህ ውስጥ ካለው ሞቅ ያለ ነገር ሁሉ ትልቁ ወለሉ ነው፣ አንተ በግራጫ ምንጣፍ ሸፍነኸዋል። ቢያንስ አነስ ያለ ምንጣፍ አድርግና ዙሪያውን እንጨቱ ይታይ።

ምን ያህል ከምን ያህል ብለህ ትጠይቀኛለህ፣ ድሮም ቁጥር ትወዳለህ። ዲዛይነሮች 60፣ 30፣ 10 ይላሉ፤ ዋናው ቀለም፣ ረዳቱ፣ ከዚያ ጌጡ። መጥፎ አይደለም፣ ግን ሜትር ይዘህ እንዳትዞር። እኔ የምፈራው ግማሽ በግማሽ ነው። ሞቃቱና ቀዝቃዛው እኩል ሲሆኑ ቤቱ ሙግት ላይ ያለ ይመስላል፤ አንዱ ይምራ፣ ሌላው ይከተል። ሐረር ሄደን የገባንበት የድሮ ቤት ትዝ ይልሃል? ግድግዳው በኖራ የነጣ፣ መደቦቹ በቀይ አፈር የተለቀለቁ፣ ግድግዳው ላይ ስፌትና ጎድጓዳ ሳህን የተደረደረበት። ውጭ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ውስጥ ነጩ ያሳርፍሃል፣ ቀዩ ደግሞ ቤቱን ባዶ አያስመስለውም። መሶብም ብታይ ያው ነው። ጥሩ ሰፊ አለላውን ሁሉ ቦታ አትረጨውም፤ ወይን ጠጁም አረንጓዴውም የሚያምረው የስንደዶው ቢጫ ብዙውን ቦታ ስለያዘ ነው። እናትህ የላኩልህ መሶብ ቁም ሳጥን ላይ ከሆነ አውርደው። ያንን ግድግዳ ከማንኛውም ሥዕል በላይ ያድነዋል።

ቀይ ግድግዳ የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ግን ተጠንቀቅ። ብርሃን ሲደክም ዓይናችን ቀዩን ቶሎ ይጥለዋል፣ ሰማያዊውን ይይዛል። ፑርኪንዬ የሚባል የቼክ ሳይንቲስት አበባ ላይ አስተውሎት ነው፣ በንጋት ድንግዝግዝ ቀዩ አበባ ሲጠቁር ሰማያዊው ይደምቃል። እናንተ ክረምቱን ግማሹን በድንግዝግዝ ነው የምታሳልፉት። ደማቅ ቀይ በአራት ሰዓት ጠዋት ጥሩ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ግን መብራት ካላበራህ ጥቁር ይሆንብሃል። መቀባትህ ካልቀረ ፈካ ያለ ነገር ምረጥ፤ ወተት የበዛበት ሻይ ዓይነት፣ ወይም ያው ግራጫ ሆኖ መጨረሻው ዋይ የሆነ። መጀመሪያ ትልቅ ካርቶን ቀባና ግድግዳው ላይ አስደግፈህ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እየው። ከሱቅ የሚሰጡህ የምላስ ቁራጭ የምታህል ወረቀት ምንም አትነግርህም።

የልጆቹን ክፍል አትንካው፣ እነሱ ከመጫወቻቸው ጋር በቂ ቀለም አላቸው። ወጥ ቤቱን በፎቶ አላየሁትም።

ባለቤትህ ግራጫውን ወዳው ከሆነ ደግሞ እኔን ብለህ ትዳርህን እንዳትረብሽ። ግድግዳው ይቅር፣ አምፖሉን ቀይርና ምንጣፉን አንሳ፣ በቃ። ከቻልክ ሁለት ፎቶ ላክልኝ፣ አንዱ ቀትር ላይ መብራት ሳይበራ፣ አንዱ ማታ። ስልክህ ቀለሙን እንዳያሳምረው ነጭ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፈህ አንሳው፣ እኔ ከወረቀቱ አንጻር አየዋለሁ። የቆርቆሮውንም ኮድ እንዳትረሳ፣ ምሳ ተወራርደናል።

ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ያንተው