ስለ ሰረዝሻት ዓረፍተ ነገር

ውድ ልጄ፣

እንደምን አደርሽ? አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን ደብዳቤ መጻፌ እንግዳ ይሆንብሽ ይሆናል፤ ነገር ግን እኔ ከሌሊት ሥራ ስመለስ አንቺ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ውስጥ ነሽ፣ አንቺ ስትመለሺ ደግሞ እኔ ለመውጣት ጫማዬን እያሰርኩ ነው። ልነግርሽ የፈለግሁት ነገር በር ላይ ቆመው የሚጨርሱት ስላልሆነ በወረቀት አደረግሁት። ፊደሉን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ተምረሽዋልና ታነቢዋለሽ፤ የከበደሽ ቃል ካለ እናትሽ ትረዳሻለች።

አስቀድሜ ጥፋቴን ልናገር። ባለፈው ሳምንት አንድ ማለዳ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ረስተሽው የሄድሽውን ወረቀት አነበብኩ። ስምንተኛ ክፍል ያነበባችሁትን «ዘ አውትሳይደርስ» የተባለ ልብ ወለድ ለጻፈችው ሴት እያንዳንዳችሁ ደብዳቤ እንድትጽፉ የታዘዛችሁት የቤት ሥራ ረቂቅ ነበር። ሳላስፈቅድሽ ማንበቤ ልክ አልነበረምና ይቅር በይኝ። ካነበብኩት በኋላ ግን እንዳላየ ማለፍ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ሁለተኛው አንቀጽ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጽፈሽ መልሰሽ ሰርዘሻታል፣ የሰረዝሻትም ወረቀቱ ሊቀደድ እስኪደርስ ደጋግመሽ ነው። ወረቀቱን ወደ አምፖሉ ቀና ሳደርገው ግን ቃሎቹ ይታያሉ። ወደ አማርኛ ስመልሳት እንዲህ ትላለች፦ «ዳሪ ፖኒቦይን በጥፊ ሲመታው መጽሐፉን ዘጋሁት፤ አባቴም ደክሞት ሲመጣ ይጮህብኛል፣ ያን ጊዜ ይወደኝ እንደሆነ አላውቅም።» በእርሷ ቦታ ያስገባሽው ደግሞ «መጽሐፍዎ ሰውን በመልኩና በልብሱ መፍረድ እንደማይገባ አስተምሮኛል» የሚል ነው።

በዚያው ዕለት ማታ መጽሐፉን ይዤው ሌሊት ወደምሠራበት ፓርኪንግ ሄድኩ። መኪና በማይገባበትና በማይወጣበት ሰዓት፣ በመስታወት በተከለለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ ስልኬን መዝገበ ቃላት አድርጌ በስድስት ሌሊት ጨረስኩት። «ግሪሰር» የሚለውን ቃል ስፈልግ ያገኘሁት የማሽን ቅባት የሚቀባ ሠራተኛን ነበር፤ ጸጉራቸውን በቅባት ወደ ኋላ የሚያስተኙ የድሃ ሰፈር ልጆች መሆናቸው የገባኝ ጥቂት ገጾች ከተጓዝኩ በኋላ ነው። «ሶሽ» የሚባሉት ባላንጣዎቻቸው የባለጸጋ ልጆች መሆናቸውን ለመረዳት ግን መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም። ታሪኩን ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽና አልደግምልሽም። እኔን የያዘኝ ዳሪ ነው፤ ወላጆቹ በመኪና አደጋ ከሞቱ በኋላ፣ በ20 ዓመቱ፣ የኮሌጅ ተስፋውን ትቶ ጣሪያ እየሠራ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቹን የሚያሳድገው። ከወንድሞቹ ትንሹ፣ የ14 ዓመቱ ፖኒቦይ፣ አምሽቶ ሲገባ በጭንቀት ብዛት ጮኸበት፣ ከዚያም እጁን አነሣበት፤ ልጁ ከቤት ወጥቶ ሮጠ፤ በዚያው ሌሊት ፓርኩ ውስጥ ከደረሰው ግድያ ጀምሮ እስከ ጓደኛው ጆኒ ሞት ድረስ ያለው ሁሉ ከዚያች ጥፊ ተከትሎ ይመጣል። አንቺ መጽሐፉን የዘጋሽበት ገጽ ላይ እኔም ዘጋሁት።

የመጽሐፉ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር አስተውለሽ እንደሆነ ልጠይቅሽ። ፖኒቦይ ከዚያ ሁሉ መከራ በኋላ ትምህርቱን መከታተል አቅቶት ሊወድቅ ሲል፣ የእንግሊዝኛ መምህሩ ከራሱ ሕይወት ተነሥቶ ጥሩ ድርሰት ከጻፈ እንደሚያሳልፈው ይነግረዋል። ያ ድርሰት እኛ ስናነበው የቆየነው መጽሐፍ ራሱ ነው። እንግዲህ በእጅሽ ያለው ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር የተማሪ የቤት ሥራ ሆኖ የቀረበ ነው፤ ፖኒቦይም ስለ ዳሪ የተሰማውን ቢሰርዘው ኖሮ የሚጻፍ ነገር ባልቀረው ነበር።

ስለ ጸሐፊዋም ትንሽ ልንገርሽ። ሱዛን ኤሎይዝ ሂንተን እ.ኤ.አ. በ1948 የተወለደች በመሆኗ «አንቱ» ልንላት የሚገባ ሴት ናት፤ ነገር ግን እኔ በዓይነ ሕሊናዬ የማያት በ15 ዓመቷ ይህን ታሪክ የጀመረችውን የኦክላሆማዋን የቱልሳ ልጅ ስለሆነ፣ እንደ አንቺ እኩያ ብጠራት ክብር እንደ መንሣት አትቁጠሪብኝ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ እንደ መጽሐፉ በድሃና በሀብታም የተከፈለ ነበር፤ አንድ ጓደኛዋ ከሲኒማ ወደ ቤቱ ሲመለስ ተደብድቦ ማየቷ ብዕር አስነሣት። በዕድሜዋ ላሉ ልጆች ተብለው የሚጻፉት መጻሕፍት ስለ ትምህርት ቤት ጭፈራና ስለ መሳሰለው ያወሩ ነበር እንጂ በየቀኑ የምታየውን ኑሮ አላገኘችባቸውም። ታሪኩን በምትጽፍበት ወቅት አባቷ በካንሰር በጠና ታመው ነበር። በዚያው ዓመት በፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት ያገኘችው ውጤት ደግሞ «ዲ» ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1967 ቫይኪንግ በተባለው አሳታሚ በኩል ሲወጣ 18 ዓመቷ ነበር፤ አሳታሚዎቹ ስለ ወንዶች ጠብ ሴት ልጅ ጻፈችው ብለው ሐያስያን እንዳይንቁት ስለ ሰጉ ሽፋኑ ላይ የስሟን የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ አስቀመጡ። እኔ በዚህ ሁሉ ውስጥ ደጋግሜ የማስበው ያቺን «ዲ» ነው።

የማስብበትን ምክንያት እናትሽ ታውቃለች፣ ለአንቺ ግን ነግሬሽ አላውቅም። ደሴ አማርኛ ሳስተምር፣ አንድ ዝምተኛ ተማሪዬ ባነበብነው ልብ ወለድ ላይ አስተያየቱን ሲጽፍ፣ የባለታሪኩ አባት ዝም ብሎ ግድግዳውን እያየ የሚቀመጥበትን ቦታ አንሥቶ፣ «የእኔም አባት ከዘመቻ ከተመለሰ ወዲህ እንዲህ ይቀመጣል» አለ፤ አንድ ገጽ ተኩልም ስለ አባቱ ጻፈ። እኔ የጠየቅሁት የመጽሐፉን ጭብጥ ነበርና በቀይ እስክሪብቶ «ከርእሱ ወጥተሃል» ብዬ ከ10 አራት ሰጠሁት። ልጁ ደብተሩን ተቀብሎ ሲመለስ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የጻፋቸው አስተያየቶች ሁሉ እንደ አንቺ ረቂቅ ንጹሕ፣ እንከን የሌላቸውና ከየትኛውም ተማሪ ሊመጡ የሚችሉ ሆኑ። ሙሉ ማርክ እየሰጠሁ አስለመድኩት። ያ ልጅ ከርእሱ አልወጣም ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ርእሱ ውስጥ የገባው እርሱ ብቻ ነበር። ይህን ለማወቅ ይህን ያህል ዘመን ሊፈጅብኝ ባልተገባ።

ተማሪ ስለ መጽሐፍ የሚጽፈው ደብዳቤ ለመምህር ማርክ ብቻ የሚጻፍ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1980 ካሊፎርኒያ፣ ፍሬዝኖ አጠገብ ያለ ሎን ስታር የተባለ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ማንበብ የማይወዱ ወንዶች ልጆች እንኳ ይህን መጽሐፍ እየተቀባበሉ ሲያነቡት አየች። ተማሪዎቹ ፊልም ሆኖ ለማየት ስለ ፈለጉ ለዝነኛው ዳይሬክተር ለፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ደብዳቤ ተጻፈ፤ ልጆቹ ስማቸውን እየጻፉ ፈረሙ፤ መጽሐፉም አብሮ ተላከ። ፊልሙ እዚያው ቱልሳ ተሠርቶ በ1983 ሲወጣ፣ መታሰቢያነቱ ለዚያች ሠራተኛና ለሎን ስታር ተማሪዎች መሆኑ በጽሑፍ ሰፈረበት። ኮፖላ በ2005 ከመጀመሪያው ተቆርጠው ከቀሩት ትዕይንቶች 22 ደቂቃ መልሶ ጨምሮ አወጣው። እነዚያ ልጆች ሰውን በልብሱ ስላለመፍረድ ትምህርት አገኘን ብለው ብቻ ቢጽፉ ኖሮ ደብዳቤያቸው ያን ያህል ይጓዝ ነበር ብዬ አላምንም፤ መጽሐፉን ወድደውት ነበርና መውደዳቸው ከወረቀቱ ሳይታይ አይቀርም።

ስለዚህ የምለምንሽ ያቺን ዓረፍተ ነገር እንድትመልሻት ነው። እኔ አፍራለሁ ብለሽ ሰርዘሻት ከሆነ፣ አላፍርም፤ እንዲያውም መምህርሽም ጸሐፊዋም ቢያነቧት ይሻለኛል። «ጆኒን ለምን ገደሉት?» ብለሽ መጨረሻ ላይ ያስቀመጥሽው ጥያቄም ይቆይ፤ ማዕረጉን በ«አንቱ» ማሳየት የማይቻልበት ቋንቋ ስለሆነ ብቻ ከፊቱ «እባክዎ» የሚል ጨምሪበት። ስለ ልብስና ስለ መልክ የሚለው ግን ቢወጣ ደብዳቤሽ አንዳች አይጎድልበትም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። በኅዳር ወር ከቤተ መጻሕፍት አምሽተሽ የመጣሽበትን፣ ስልክሽም ባትሪ ጨርሶ የተዘጋበትን ምሽት አልረሳሁትም፤ አንቺም እንዳልረሳሽው አሁን አወቅሁ። ከመስኮቱ ሥር ሃምሳ ደቂቃ ቆሜ ነበር። በሩን ስትከፍቺ ያየሁት አንቺን ሳይሆን በዚያ ሃምሳ ደቂቃ ውስጥ ያሰብኩትን ክፉ ነገር ሁሉ ነው፤ የጮህኩትም በእርሱ ላይ ነበር፣ የሰማሽው ግን አንቺ ነሽ። ስድስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ዳሪ ሆስፒታል ውስጥ ሲያለቅስ ፖኒቦይ ወንድሙ ሌላ የሚወደውን ሰው ማጣት ፈርቶ እንደ ነበር ይገባዋል። እኔ አንቺ እስኪገባሽ መጠበቅ የለብኝም፤ መናገር እችላለሁና ልናገር፦ ፈርቼ ነበር፣ በመጮኼም አጥፍቻለሁ፣ በጮህኩባት ሰዓትም ሆነ ዛሬ እወድሻለሁ።

መጽሐፉን ቦርሳሽ አጠገብ አስቀምጬልሻለሁ። ስድስተኛው ምዕራፍ ውስጥ የምታገኚው የፓርኪንግ ትኬት የእኔ ነው፤ እንዳትጥይው፣ ለምልክት ነው። ቴምብሩ የላይኛው መሳቢያ ውስጥ አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሥራ የለኝምና፣ ፈቃድሽ ከሆነ፣ የጨረስሽውን ደብዳቤ ከመላኩ በፊት ራስሽ አንብቢልኝ።

አባትሽ